ለሚሚ፣ ስለዚያች ካፕሱል

ሚሚዬ፣ እንዴት ከርመሻል?

የድምፅ መልእክትሽን ሰማሁት። መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ፣ ከዚያ ቤት ገብቼ በሬን ዘግቼ ደገምኩት። ድምፅሽ ያው ነው። ሳቅሽ ግን ደከም ብሎብኛል፤ ከሥራ እየወጣሽ ስለነበር ይሆናል። ይህን ያህል ዘመን ለምን ተጠፋፋን የሚለውን እንተወው። ልጅ፣ ሥራ፣ ለቅሶ፣ ኮሮና፣ ምኑ ቅጡ። እኔም በድምፅ ልመልስልሽ ጀምሬ ነበር፤ ግን ወሬዬን ታውቂዋለሽ፣ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። በእረፍት ቀንሽ ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

እናትሽ ደህና ናቸው። ለማርያም ዝክር ሄጄ አግኝቻቸዋለሁ፤ አሁንም ሰው ሳይጠግብ አያስነሱም። ስለ ጨጓራሽ ምንም አላነሱም፣ እንዳልነገርሻቸው ገባኝ። እንኳን አልነገርሻቸው! ይሄኔ ተልባውና አብሹ በመንገደኛ እጅ ሜሪላንድ ገብቶ ነበር።

ካወራሽኝ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው የጨጓራው ነገር ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ካፕሱል፣ ኦሜፕራዞልን፣ ያለ ማዘዣ እየገዛሽ ዓመታት ውጠሻል። ለጉልበትሽ ሕመም ደግሞ ማስታገሻውን አድቪልን ትወስጃለሽ። አሁን ኦሜፕራዞል የመርሳት በሽታ ያመጣል፣ ኩላሊትና አጥንት ይጎዳል የሚል አንድ ቪዲዮ አይተሽ ደንግጠሽ "ነገ ጠዋት ሰብስቤ እጥለዋለሁ" አልሽ። ተይ እስቲ፣ ነገ ጠዋት አትጣይው። እንደ እስከዛሬው ዝም ብለሽ ዋጪው እያልኩሽም አይደለም።

ባልተገናኘንበት ጊዜ እኔም የጨጓራ ሰው ሆኜልሻለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ነበር። ከእምብርቴ ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጣት የምጠቁመው ቦታ ላይ። ሆዴ ባዶ ሲሆን ይነሳል፣ ቁራሽ ዳቦ ስቀምስ ይተኛል። ያኔ ደግሞ ጨጓራ የሚልጥ አለቃ ነበረኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ በሱ አሳበበ። ሐኪሙ ግን ስለ አለቃዬ ብዙም አልጠየቀኝም። መቼ እንደሚያምመኝ፣ ምን ስበላ እንደሚሻለኝ፣ ምን ዓይነት ማስታገሻ እንደምወስድ ጠይቆኝ ኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን የሚያይ ምርመራ፣ አዘዘ።

ስለሱ ብዙ ስላስፈራሩኝ አንቺን ላስፈራራሽ አልፈልግም፤ ግን ደስ የሚል ነገር ነው ብዬም አልዋሽሽም። ጉሮሮሽን የሚያደነዝዝ መራራ ነገር ይነፉብሻል። ከዚያ ምራቅሽን መዋጥ ያቅትሻል፣ ጉሮሮሽ የሌላ ሰው የሆነ ይመስልሻል። በግራ ጎኔ አስተኙኝና ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ አስነከሱኝ። ነርሷ ግንባሬን ይዛ "በአፍንጫሽ ተንፍሺ እናቴ፣ በአፍንጫሽ" ትለኛለች። እንባዬም ልሃጬም አብሮ ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። በጎን በኩል ስክሪኑን ሳይ ቀይና እርጥብ ነገር ያብረቀርቃል፤ ከዚያ መሃሏ ነጣ ያለ፣ ዙሪያዋ ያበጠ ትንሽ ክብ ታየች። "ይቺ ናት" አለ ሐኪሙ። ትንሹ አንጀት ከጨጓራ ተቀብሎ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለች ቁስል። ከጨጓራዬም ቆንጥሮ ወስዶ ሲያስመረምር ኤች ፓይሎሪ የምትባል የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘችብኝ።

በርበሬን ስንት ዘመን ስሙን አጠፋነው! የፈረንጅ ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ ጭንቀትና ቅመም ነው ሲሉ ኖረዋል። ነገሩ የተለወጠው በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ሁለት ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ በ1982 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባክቴሪያዋን ለይተው ካሳደጉ በኋላ ነው። ሰው አላምን ሲላቸው ማርሻል በ1984 ባክቴሪያዋን በፈሳሽ መልክ ራሱ ጠጣት። ጨጓራው ተቆጣ፣ አስመለሰው። በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በርበሬ የቆሰለ ሆድ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ እሱን አልክድም። ቁስሉን የሚፈጥሩት ግን በአብዛኛው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ይቺ ባክቴሪያ ናት፣ ሌላው እንደ አንቺ አድቪል ያለ ማስታገሻ ነው።

ወደሱ እመለስበታለሁ።

ሕክምናው ሶስት ዓይነት መድኃኒት ነበር። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፤ ሁሉም ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። ኦሜፕራዞሉን የለመድሽው ነው፣ ጸባየኛ መድኃኒት ነው። ክላሪትሮማይሲኑ ግን የሰው አመል ያወጣል። አፌ ቀኑን ሙሉ ብረት ብረት አለኝ። ቡናውም ብረት፣ ሽሮውም ብረት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቋርጠው። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋል፣ አፉ ደግሞ ይበላሻል፤ "በቃ ድኛለሁ" ብሎ ይተወዋል። ያኔ ያልሞተችው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ትለምደዋለች። እኔን ያስጨረሰችኝ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ናት። "እንዳታቋርጪ፣ ሁለተኛ ዙር ከመጣ ከዚህ የከፋ ነው" ብላ አስፈራርታኝ ነበር። እውነቷን ነው።

የአክስቴን ነገር ስሚ ደግሞ። መርካቶ ያለችዋን፣ ታስታውሻታለሽ፣ ለሁላችንም ፓስቲ ትገዛልን የነበረችውን። እሷ በየጊዜው ሆዷን ሲያምማት የደም ምርመራ ታደርጋለች። ውጤቱ "ፖዘቲቭ" ይላል፣ ሶስቱን መድኃኒት ትወስዳለች። ከወራት በኋላ እንደገና ደም፣ እንደገና ፖዘቲቭ፣ እንደገና መድኃኒት። "ይቺ ባክቴሪያ እኔን ወዳኛለች" ትላለች። ነገሩ ሌላ ነው። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያዋን ሊዋጋ የሠራውን ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ባክቴሪያዋ ከጠፋች በኋላም ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። መዳኗን የሚያሳየው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። የሰገራውን ስታደርግ ባክቴሪያ የሚባል የለባትም! ያን ሁሉ አንቲባዮቲክ ለዱሮ ጠላት ነው የዋጠችው።

እሷው ናት ደግሞ ካፕሱሉን ከፍታ፣ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ነጫጭ ፍሬዎች መዳፏ ላይ ዘርግፋ በጥርሷ የምትቆረጥመው። "ቶሎ እንዲደርስልኝ ነው" ትላለች። ኦሜፕራዞል አሲድ የሚያበላሸው መድኃኒት ነው። እያንዳንዷ ፍሬ የተለበጠችው ጨጓራን በሰላም አልፋ አንጀት ላይ እንድትሟሟ ነው። ከዚያ በደም ዞሮ ነው ጨጓራ የሚደርሰው። ስትቆረጥመው ልባሱን ትሰብረዋለች። ካፕሱል መዋጥ ያቃተው ሰው ፍሬዎቹን ለስላሳ ነገር ላይ በትኖ ሳያኝክ ይዋጣቸው ነው የሚባለው። ለአክስቴ ይህን ባስረዳትም "አንቺ ልጅ ተማርሽና ጥርሴን ልታስፈቺኝ ነው" አለችኝ።

አሁን አንቺን ልቆጣሽ ነው። በመልእክትሽ "ማታ ዶሮ ወጤን በልቼ፣ ኪኒኔን ውጬ ጋደም እላለሁ" ብለሻል። ሚሚ! አንቺ አይደለሽም እንዴ ለአዛውንቶቹ መድኃኒት የምታድዪው? የጠዋት ፈረቃ ላይ ስትሆኚ ቁርሳቸው ከመምጣቱ በፊት እየቀሰቀስሽ የምትሰጫቸው ለምን ይመስልሻል? መድኃኒቱ የሚይዘው ጨጓራ ውስጥ አሲድ ከሚረጩት ፓምፖች በሥራ ላይ ያሉትን ነው። እነሱን የሚያስነሳቸው ደግሞ ምግብ ነው። ስለዚህ ከምግብ 30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ መጠበቅ አለበት። በልተሽ ተኝተሽ ከወሰድሽው ግማሹ ልፋቱ በከንቱ ነው። እኔ በጾም ጊዜ ሐኪሜን ጠይቄው ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ከመግደፍሽ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ በውሃ ውሰጂው አለኝ። ውሃዋን እግዜር ይቅር ይለኛል።

በነገራችን ላይ ለሥራሽ የምትሆን ወሬ አለችኝ። ይህ መድኃኒት ከስዊድን ነው የመጣው፣ በ1988 ሎሴክ ተብሎ ገበያ ወጣ። እናንተ ዘንድም መጀመሪያ ስሙ ሎሴክ ነበር። ግን ሽንት ከሚያሸናው ከላሲክስ ጋር እየተምታታ አስቸገረ። በ1990 ፕራይሎሴክ አሉት። ያን ቀን አንቺ ፈረቃ ላይ ብትሆኚ ኖሮ ብዬ ሳቅኩ።

ወደ መጣሉ እንምጣ። እኔ የቁስሉን ሕክምና ጨርሼ ኦሜፕራዞሉን ሳቆም ቃሩ ከመታከሜ በፊት ከነበረው ባሰብኝ። ደረቴ ድረስ ያቃጥለኛል፣ ጉሮሮዬ ላይ ጎምዛዛ ነገር ይመጣል። ቁስሉ ተመለሰ ብዬ ሮጥኩ። ሐኪሙ ፈገግ አለና "አሲድሽ ታፍኖ ከርሞ አሁን ነው የተለቀቀው፣ ጥቂት ሳምንት ታገሺ" አለኝ። ዴንማርክ ውስጥ ሆዳቸውን ምንም የማያማቸው 120 ሰዎች ወስደው፣ ለግማሾቹ የኦሜፕራዞልን የቅርብ ዘመድ፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን 8 ሳምንት ሰጧቸው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ፣ መድኃኒቱን ሲወስዱ ከነበሩት ጤነኞች ከመቶ 44ቱ ቃርና መሰል ሕመም ጀመራቸው፤ ከሌሎቹ 15ቱ። ጥናቱ በ2009 ነው የታተመው። ይታይሽ፣ ድሮ ቃር የሚባል የማያውቁ ሰዎች! አንቺ ዓመታት ውጠሽ በአንድ ጠዋት ብታቆሚው ያ ሳምንት ምን እንደሚመስል አስቢው። ከዚያ "ያለሱ መኖር አልችልም" ብለሽ ወደ መደብሩ ትመለሻለሽ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የታሰረው።

የምታቆሚ ከሆነ ቀስ ብለሽ ነው። ለምሳሌ በየቀኑ የነበረውን አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ፣ በመሃሉ ቃሩ ሲነሳ የሚታኘከውን የአሲድ ማርከሻ ወይም ሌላውን አሲድ ቀናሽ ፋሞቲዲንን መጠቀም። አወራረዱን ሐኪምሽ ያውጣልሽ።

ግን መጀመሪያ ነገር፣ ማቆም አለብሽ ወይ? እሱን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ለምን እንደምትወስጂው ያየልሽ ሰው የለማ! እዚያ ያለ ማዘዣ መሸጥ ከተጀመረ ከ2003 ወዲህ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 14 ቀን ነው፤ ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር ከአራት ወር በፊት አይደገምም ይላል። አንቺ ግን ባለ 42ቱን ሳጥን ገዝተሽ እንደ አንድ ዙር ትጨርሺዋለሽ። 42ቱ የሶስት ዙር ነው፣ እህቴ።

ኦሜፕራዞል ዕድሜ ልክ የሚያስፈልገው ሰው አለ። የቢሮአችን ሂሳብ ሠራተኛ አለ፣ ወገቡን እያመመው እንደ አድቪል ያለውን ማስታገሻ ዲክሎፌናክን ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ይውጥ ነበር። አንድ ሰሞን ሰገራው ጠቆረ። ሬንጅ የመሰለ፣ የሚያጣብቅ። አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ እንኳ አልሰማችም። ደረጃ ስንወጣ ከፊቴ ነበር፣ የእጀታውን ብረት ለመያዝ እጁን ዘረጋና ሳይደርስበት ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ ግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። ጨጓራው ላይ ያለው ቁስል ቀስ እያለ ሲደማ ነው የከረመው። ለልቡ አስፒሪን መተው ስለማይችል ዛሬ በየቀኑ ከአስፒሪኑ ጋር ኦሜፕራዞል ይወስዳል። ለሱ ያቺ ካፕሱል መከላከያው ናት፤ ቪዲዮ አይቶ ቢጥላት የምቀድመው እኔ ነኝ በጥፊ።

አሁን አድቪልሽን ለምን እንዳነሳሁ ገባሽ? ኦሜፕራዞሉ ሕመሙን ያስታግስልሻል፣ አድቪሉ ከሥር ይልጥሻል፤ አንቺ መሃል ላይ "ደህና ነኝ" ትያለሽ። ለጉልበትሽ ሌላ ነገር ይፈለግ። እስከዚያ ታይለኖል፣ ማለትም ፓራሲታሞል፣ ይሻላል፣ እሱም በልኩ።

ቪዲዮው ያስፈራራሽ ነገር ሁሉ ውሸት ነው አልልሽም። የተጋነነ ግን አለው። ብዙዎቹ ወሬዎች የመጡት መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎችን መዝገብ ከማይወስዱት ጋር ከማወዳደር ነው፤ የሚወስዱት ደግሞ ቀድሞውንም የታመሙ ናቸው። በ2019 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ግን ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ለግማሾቹ የኦሜፕራዞልን ወንድም ፓንቶፕራዞልን፣ ለግማሾቹ ባዶ ኪኒን ሰጥቶ ሶስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። በግልጽ የታየው ልዩነት የአንጀት ኢንፌክሽን ትንሽ መጨመሩ ነበር። የመርሳት በሽታውም፣ የኩላሊቱም፣ የአጥንት ስብራቱም በሁለቱ ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ሶስት ዓመት ሁሉን አያሳይም፣ እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም ከቪዲዮው ሰውዬ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

አንቺን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ግን አለ። ቫይታሚን ቢ 12። ሰውነት ከምግብ ውስጥ እሱን ለማውጣት አሲድ ያስፈልገዋል፣ ከሁለት ዓመት በላይ አሲዱን ሲቀንሱ የኖሩ ሰዎች ላይ እጥረቱ በዛ ብሎ ታይቷል። ቢ 12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። አንቺ እዚያም ሆነሽ ጾም አታፈርሺም፤ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲደመር የዓመቱ ግማሽ ይሄዳል። እግሬን ይደነዝዘኛል ያልሽው ሥራ ላይ ከመቆም ብቻ ላይሆን ይችላል። ደምሽ ይታይ፣ ማግኒዥየሙም አብሮ ይታይ።

ስለዚህ ቀጠሮ ያዢ። ስትሄጂ ኦሜፕራዞሉንና አድቪሉን ስንት ጊዜ እንደወሰድሽ ሳትቀንሺ ንገሪው፤ እኛ ሐኪም ፊት ነገር ማሳነስ እንወዳለን። ኤች ፓይሎሪ ተመርምሬ አላውቅም በይው፣ እኛ አገር ያደገ ሰው ላይ በብዛት ይገኛል። ምርመራው የትንፋሽ ወይም የሰገራ ከሆነ ኦሜፕራዞሉን ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ማቆም ሊኖርብሽ ነው፣ አለበለዚያ ባክቴሪያዋ እያለች የለችም ይላል። ያንን ሁለት ሳምንት በምን እንደምታልፊው እዚያው ጠይቂው። ምግብ ሲያልፍ የሚይዝሽ፣ ሳትፈልጊ የምትከሺ፣ ደም የሚያስመልስሽ ወይም ሰገራሽ የሚጠቁር ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛችን ማፈር የለም።

ማታ 5 ሰዓት ከሥራ ወጥተሽ ዶሮ ወጥ አሙቀሽ በልተሽ መተኛቱን ደግሞ ተይው። ቃርሽ ግማሹ ከዚያ ነው የሚመጣው ባይ ነኝ። ዋናውን ምግብሽን ሥራ ቦታ በእረፍትሽ ብዪና ማታ ቀለል ያለ ነገር ይሁን፤ ከበላሽ በኋላ ሁለት ሶስት ሰዓት ሳትተኚ ቆዪ። የአልጋሽን ራስጌ ከፍ አድርጊ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ። ትራስ መደራረብ አይደለም፣ አንገትሽን ነው የሚያጥፈው፤ የአልጋውን እግር ነው ከፍ የምታደርጊው። እኔ ሁለት ጡብ አድርጌበታለሁ። ባለቤቴ ቁልቁል እየተንሸራተትኩ ነው እያለ ያማርራል፣ ለምዶታል።

እኔ አሁን ካፕሱሉን አልወስድም። በሰገራ ምርመራ ባክቴሪያዋ ጠፍታለች ተባልኩ፣ የማቆሙም ጣጣ ሳምንታት ፈጅቶ አለቀ። ቡና በባዶ ሆድ ብቻ ትቻለሁ፤ ቆሎ ሳልይዝ አልቀመጥም። በርበሬዬን ግን አልተውኩም፣ ማንም ቢለኝ አልተውም።

ለእናትሽ እስካሁን ምንም አልተናገርኩም። ቀጠሮሽን እስክትይዢ ግን ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተልባው ይመጣልሻል። ውጤትሽን በቴሌግራም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ማታ ማታ እከፍተዋለሁ። የጉልበትሽንም ነገር ምን እንዳሉሽ አብረሽ ጻፊልኝ፣ የኔም ግራው ሰሞኑን ቋ ቋ ማለት ጀምሯል።

ያንቺው እህት
ከአዲስ አበባ